ሁለት ረድፍ ካንዴላ

«ሳጥን አልክ?» አለ አጎት ሳንቶ፣ የቡና ስኒው ከንፈሩ ሳይደርስ ቆሞ። «አንተ ኤሊ፣ አባትህ ገና መቃብር ውስጥ ጎኑን ሳያሳርፍ?»

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። በልቅሶ ቤት የሚሳቅ ሳቅ በአፍንጫ ነው የሚወጣው። ግድግዳውን ታከው መቁጠሪያ የሚቆጥሩት ሴቶች ቀና ብለው ገላምጠው መልሰው አቀረቀሩ።

ቫኒ በሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ስሙ ቫኒ ነው፤ በዚህ የሚጠራው ግን የለም። አገሩ ሁሉ «ኤሊ» ነው የሚለው። የአባቱን ሞት ለመንገር በየግድግዳው የተለጠፈው ወረቀት ላይ እንኳ «ልጁ ቫኒ፣ ኤሊው» ተብሎ ታትሟል። አታሚው ክፋት አስቦ አይደለም። እንዲያ ካልተባለ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም ብሎ ነው።

ነገሩን ያመጡት ዶን ጋስፓሬ ናቸው። ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ የሟቹን ሚስት የእማማ ፊሎሜናን እጅ ሳሙ፤ «እግዜር ያጽናሽ» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ቫኒ አስጠጉ።

«እሑድ የተራራው የመኪና ውድድር አለ» አሉት ዝግ ባለ ድምፅ። «ሞተሬ እናንተ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አሮጌዎቹን ሁለት እሳት አከፋፋዮች ሊገጥምልኝ ነበር። አሁን ወሳኙ አንተ ነህ። የቱን ትመርጣለህ?»

ቫኒ ሳያስበው «ሳጥኑን» አለ። ሳቁ የመጣው በዚህ ነው።

የዶን ጋስፓሬ አሮጌ መኪና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ካንዴላ አለው። እሳቱ ነዳጁን ከግራም ከቀኝም ይለኩሰዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ረድፎች እኩል መተኮስ አለባቸው። የቫኒ አባት ማስትሮ ሊቦሪዮ ለየረድፉ አንድ አንድ እሳት አከፋፋይ ይገጥም ነበር። እሳቱ የሚዘልበትን ክፍተት ከሲጋራ ፓኮ በቀደደው ካርቶን ይለካል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ይሰጣል። ሳጥን የሚሉት ደግሞ የሁለቱን አከፋፋዮች ሥራ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው። የሚሽከረከር፣ የሚበላ ነገር የለውም፤ ሁለቱንም ረድፍ በአንድ ቅጽበት ይተኩሳል።

ቫኒ ሳጥኑን ወደ መንደሩ ያመጣ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

«የኔ ሲታመም ያስላል» ይለው ነበር አባቱ። «ትሰማዋለህ። መንገድ ዳር አቁመህ በሞረድ ታድነዋለህ። ያንተ ሳጥን ግን ሲሞት ሬሳ ነው። ለሬሳ ደግሞ ቄስ ነው የሚጠራው እንጂ መካኒክ አይደለም።»

«አባባ፣ ያንተዎቹ እኮ ጥርሳቸው ሲበላ ሁለቱ ረድፎች ይለያያሉ።»

«እኔና እናትህም ከተለያየን ቆየን። ቤቱ ግን ይሄዳል።»

የዚያን ዓመት ዶን ጋስፓሬ ለቫኒ ዕድል ሰጡት፤ በሳጥኑ ተራራውን ሊወጡ ተስማሙ። ከቱሪን የመጣ የውድድር ቡድን ሰውዬ ሞተሩን አየና የቫኒን ትከሻ ይዞ፣ «ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ሆና ከገባች ሰኞ አብረን እንሄዳለን» አለው። ቫኒ ሌሊቱን ሻንጣውን አዘጋጀ። መኪናዋ ግን ዳገቱ ላይ ተልፈሰፈሰች። ልጆች በእግራቸው እየሮጡ ቀደሟት። አንዱ «ኤሊ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙ ከዚያ ወጣ። የቱሪኑ ሰው ደህና ዋል እንኳ ሳይል ሄደ። ማስትሮ ሊቦሪዮ በሰው ሁሉ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ለማኝ ዘርግቶ፣ «ለኤሊዬ የጎመን መግዣ!» እያለ ዞረ።

ቫኒ ሻንጣውን ፈታ። ሳጥኑን ወንዝ ወረወረው። ከዚያ ወዲያ በአባቱ ሞረድና በአባቱ ካርቶን ሲሠራ ኖረ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለ አሁን አጎት ሳንቶ፣ ስኒውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ «ሊቦሪዮ እንደዚያን ቀን ስቆ አያውቅም። አንተ ምሳ ሰዓት ላይ ለቅድስቷ ሻማ ልታበራ ሄድክ አይደል? እሱ ኮፈኖውን ከፈተና የአንዱን ረድፍ ሽቦ ነቀለው! እኔ ኮፈኖውን ይዤለት!»

«የምኑን ሽቦ?» አለ ቫኒ።

«የአንዱን ረድፍ ነዋ! በአንዱም ይነሳል እኮ፤ ድምፁም ብዙ አይለይም። ጉዱ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። አንተ እያለከለክ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ደግሞ መልሶ ሰካው። ወይ ሊቦሪዮ! እጁ እንዴት ፈጣን ነበር!»

አሁን የሳቀ የለም። የደነገጠም ግን የለም። ቫኒ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ፤ ዜና የሆነበት ሰው አላገኘም። ዶን ጋስፓሬ ባርኔጣቸውን ጣታቸው ላይ ማዞር ያዙ።

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ለኔ የነገረኝ ዓመት ቆይቶ ነው» አሉ። «ተሳሳቅንና አለፈ። የምታውቅ መስሎኝ ነበር።»

ቫኒ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ አንቺስ?»

እማማ ፊሎሜና መቁጠሪያዋን አላቆመችም። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች።

«ምን?»

«ልጁን አስቀርልኝ አልኩት። ሁለቱን ጀርመን በላብኝ፣ ሦስተኛውን ቱሪን ሊበላብኝ ነው አልኩት። እንዴት አድርጌ ሲለኝ፣ እኔ ምን አውቄ፣ ብረቱን የምታውቀው አንተ አልኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበራ።» እጇን ጥግ ወደቆመው የአበባ ጉንጉን ወረወረች። «ይኸው፣ ወንድሞችህ አበባ ላኩ። አባትህን ግን የተሸከምከው አንተ ነህ።»

ዶን ጋስፓሬ ብድግ አሉ። «በቃ!» አሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ። «አዲስ ሳጥን በመጣሁበት መኪና ውስጥ አለ። ሂድ ግጠመው። እሑድ ባንተ ሳጥን እወጣለሁ፤ እነዚህም ቆመው ያያሉ።»

ሬሳ በወጣበት ቤት የሥራ በር አይከፈትም። ቫኒ ግን ወርዶ ከቤቱ ሥር ያለውን ጋራዥ ከፈተ። አሮጊቶቹ ከላይ ሲያጉረመርሙ ይሰማዋል።

ማሸጊያውን ቀደደና ሳጥኑን ሞተሩ አጠገብ አስቀመጠ። ያኔ ወንዝ የጣለው ዓይነት አይደለም፤ የእሳቱ ሰዓት የሚሞላው በኮምፒውተር ነው። መመሪያውን አገላበጠ። ኩርባና ቁጥር ነው። ቢሆንስ፣ ይማረዋል፤ ያኔስ ማን አስተምሮት ነበር? ሽቦዎቹን በቀለም በቀለማቸው ዘርግቶ አያቸው። በሌሊት ለብቻው የሚስቅ፣ እነዚህን ሽቦዎች እንደ ዳዊት በቃሉ የሚወጣ አንድ ልጅ ነበር። ያ ልጅ ያን ሰኞ ቱሪን ሄዶ በዚያው የቀረ መሰለው። ቁልቁል ሲያይ እጁ፣ ሳያዘው፣ ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ ካርቶኑን እየቀደደ ነው።

ተመልሶ ወጥቶ ዶን ጋስፓሬ ፊት ቆመ።

«የአባቴን ነው የምገጥመው።»

አጎት ሳንቶ ጭኑን መታ። «ይኸው! ሞቶም አሸነፈ!»

 የዶን ጋስፓሬ ትንፋሽ እፎይ ብሎ ሲወጣ ቫኒ ሰማው። ከሳቁ ሁሉ የከፋው እሱ ነበር። «እንዳልክ» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

በልቅሶ ሰሞን ምድጃ ስለማይነድ የጎረቤት ሴት አጋቲና ሾርባ ይዛ ገባች። እማማ ፊሎሜና ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አጋቲና ለመነቻት፤ ሴቶቹ ለመኗት፤ አፏን ጥርቅም አደረገች።

«ከልጇ እጅ ነው የምትበላው» አለች አጋቲና፣ ሳህኑን ለቫኒ እየሰጠች።

ቫኒ እናቱ ፊት ተቀመጠ። ማንኪያውን ሞላ። እማማ ፊሎሜና ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ማንኪያው ከንፈሯ ጋ ደርሶ ቆመ።

የሴቶቹ ጸሎት ተቋረጠ። እናቱ ዓይኗን አልገለጠችም፤ አፏንም አልዘጋችም። ጥርስ የሌለው ድዷ ይታያል፤ አገጯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቫኒ ያያታል። አንዷ ሴት «ኧረ በመድኃኔዓለም!» አለች።

ሾርባው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ቫኒ ግን ማንኪያውን እፍ አለበት፤ ከዚያ አጎረሳት።