የጠመኔው ክብ

«ጠመኔ ያረፈበት አይመለስም!» ትላለች ሬዲዮ። ወሬዋ ስለማይዘጋ የብየዳ ክፍሉ ያወጣላት ስም ነው። ጓንት ስታጠልቅም፣ ብረት ስትቆርጥም ያችኑ ትደግማለች። «መምህሩ ብረትሽ ላይ ነጭ ክብ ከሳለ አበቃልሽ። ቀጮን አታስታውሺውም? ክቡ በተሳለበት ማግስት ድራሹ ጠፋ!»

አጠገቧ የምትበይደው ልጅ ጭምብሏን ፊቷ ላይ አወረደች። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሷ ካልጋው ሥር ካርቶን ላይ እያደረች ነው የምትመጣው። እንቅልፍ ያጣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጭምብል ደግሞ እንባን እንጂ እጅን አይሸፍንም። ለእናቷ «ዘንድሮ እመረቃለሁ» ብላታለች፤ ፈተናውን የወደቀ ግን ከኮሌጁ ይሰናበታል።

መምህሩ ቃል በገንዘብ የሚገዛ ይመስል ዝምተኛ ነው። ከኋላ መጥቶ ይቆማል፣ የብየዳውን መስመር ያያል፣ ያልፋል። የጫማው ድምፅ ሲቃረብ ትንፋሿን ትውጣለች።

የፈተናው ጠዋት፣ ከውጭ የመጡት ፈታኞች ሳይገቡ፣ ተማሪዎቹ ማሟሻ በየዱ። ጭምብሏን ስታነሳ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ለፈተና በምትይዘው ብረት ላይ ነጭ ክብ እየሳለ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወጣ፤ በፈተና ሰዓት የራስ መምህር አይገባም።

«አለቀልሽ፣ እህቴ» አለች ሬዲዮ።

«አፍሽን ያዢ!»

ልጅቷ የሽቦ ብሩሽ አንስታ ፈተገችው፤ ክቡ እስኪጠፋ፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ። ፈታኙ ብረቷን ገልብጦ አየና «ግቢ» አላት። ያመለጠች መሰላት።

እጇ ግን ማምለጧን አልሰማም። የበየደችው ብረት ሞርሳ ላይ ታስሮ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰነጠቀ።

ስሟ ከተሰናባቾቹ ጋር ከተለጠፈ በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሽርጧን ልትመልስ ሄደች። በሩ ላይ ቀጮን አገኘችው፤ ጭምብሉን በብብቱ ይዞ ሊገባ ነው።

«አንተ! ተባርረህ አልነበር እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ወንድሜን የቀበርኩ ሰሞን እጄ እምቢ ሲለኝ ነው ጋሼ ክቡን የሳሉልኝ። ክብ ያለበትን ፈታኞቹ አይነኩትም፤ ቅዳሜ ና ብለው ይመልሱታል፤ ፈተናው ይተላለፍለታል። ከክፍሉ ወጥተን ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻችን ያለማምዱናል።»

«ታዲያ አፍ የላቸውም? ለምን አይናገሩም?»

«የሰው ገመና በሰው ፊት አይነሳም ይላሉ። እኛም ማን ይወቅብን ብለን ዝም ነው።» ጭምብሉን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረ። «ባለፈው ቅዳሜ እንኳ አዲስ ልጅ ትመጣለች ብለው፣ አንድ ቦታ ለይተው፣ በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። አልመጣችም።»