ሽታ የሌለው የቆጮ ጉድጓድ

ወንጪ ዳገቱ ላይ፣ ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች ከሚቆሙበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጉዴ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። አብራት የምትኖረው «አኮ» እያለች አያቷን የምትጠራው የልጅ ልጇ ሄቨን ናት። የሄቨን እናት አምቦ ሆቴል ቤት ስለምትሠራ ልጅቷን ለአያቷ ትታላታለች። ጉዴ ደግ ሴት ናት፤ አንዲት አመል ግን አለቻት፤ ያልገባትን ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። የጎረቤት ላም አምሽታ ከገባች እንኳ ምክንያቱን ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ታዲያ አንድ የበጋ ጠዋት ጎረቤቷ ዓብዲሳ ዶማውን ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ከእንሰቱ ውስጥ ሲወጣ አየችው። ምን እየሠራ እንደሆነ በአጥር ላይ ጠየቀችው።

«የቆጮ ጉድጓድ እየቆፈርኩ ነው» አላት።

እሺ ብላ ገባች። ውሃ ልትቀዳ ጎንበስ ካለች በኋላ ግን እንስራዋን ትታ ቀና አለች። ወንድ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው የቆጮ ጉድጓድ የሚቆፍረው? በዚያ አገር እንሰቱን መትከል የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ መጭመቁ የሴት ነው። ሴቶች ሲፍቁ ወንድ በአጠገባቸው ብቅ ካለ እየተሳሳቁ ያባርሩታል። ደግሞስ ምን ሊቀብር ነው? ከዓብዲሳ እንሰት አንድም ተቆርጦ አልተጣለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋ እዚያው ግቢ ዋለ። የዶማው ድምፅ መጀመሪያ ቅርብና ደረቅ ነበር፤ እያደር እየታፈነ፣ እየራቀ ሄደ። ዓብዲሳ ግን የትም አልራቀም። አፈሩስ? ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው በጉድጓዱ አፍ ላይ የአፈር ክምር ይኖረዋል፤ እዚያ ግቢ ክምር የለም። አንድ ቀን በዓብዲሳ የድንች ማሳ ዳር ስታልፍ መደቡን በእግሯ ጫር አደረገችው። ከጥቁሩ አፈር ሥር ነጭ፣ አመድ የመሰለ አፈር ወጣ። ያንን አፈር ታውቀዋለች። የባሏ መቃብር ሲቆፈር መጨረሻ ላይ የወጣው እሱ ነበር። የሰው ቁመት ያህል ካልወረዱ አይገኝም።

እንዲህ ሲሆን ነገሩ ጉዴን ከአመሏም በላይ ያዛት፤ ምክንያት ነበራታ። ቤቷ መንገድ ዳር ነው። ባለፈው ጥቅምት ተኩስ ሲከፈት ሄቨንን አልጋ ሥር አስገብታ እሷ ከፊት ተጋድማ ነበር። ጥይት የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ጀሪካኑን መታው። ውሃው በወለሉ ወርዶ ቀሚሷን ሲያረጥበው ደም መስሏት ልጅቷን በጨለማው ስትዳብስ ቆየች። ልጅቷ ደህና ነበረች። ከዚያ ወዲያ ግን ጉዴ ግድግዳዋን ባየች ቁጥር ወረቀት ይመስላታል። ጉድጓድ የሚቆፍርላት ወንድ የላት፣ የምትሸሽበት ቤት የላት። ዓብዲሳ የሚቆፍረው እንደጠረጠረችው መደበቂያ ከሆነ፣ ለሄቨን ቦታ ይገኝ ይሆን?

የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ በሚል ሰበብ ሄደች። የዓብዲሳ ሚስት ጋዲሴ ጓዳ ነበረች። ጉዴ ዓይኗን በግቢው አዞረችው። አጥሩ እሾህ በእሾህ ላይ ተደርቦበታል። በር ላይ ይታሰር የነበረው ውሻ እንሰቱ ውስጥ ታስሯል። ከእንሰቶቹም ሦስቱ ቅጠላቸውን ጥለዋል፤ ሌሎቹ ጆሯቸውን አቁመው እነዚህ ብቻ እንደ ታመመ ሰው አቀርቅረዋል። በበጋ ተነቅሎ የተተከለ እንሰት እንዲህ ነው የሚሆነው። ጠጋ ብላ መሬቱን በተረከዟ መታ አደረገችው። ውስጡ ባዶ እንደሆነ ነገር አስተጋባ።

«አዴ ጉዴ፣ ወንፊት የሚቀመጠው እዚህ ነው እንዴ?»

ዓብዲሳ ከኋላዋ ቆሟል። ፊቱ ያንን አመዳም አፈር መስሏል። ማን እንደነገራት ጠየቃት።

«አንተው ነህ የነገርከኝ» አለችው። ነጩን አፈር፣ ያቀረቀሩትን እንሰቶች አንድ በአንድ አሳየችው። «ደግሞ የቆጮ ጉድጓድ ካልክ አይቀር ይሽተት እንጂ። አፍንጫ ያለው ሁሉ እኮ ይታዘብሃል።»

ጋዲሴ ከበስተኋላ ሰምታ ሳቋ አመለጣት። የውሃ ጉድጓድ በል ብላ መክራው ነበር አሉ።

«ውሃ ካልኩ አገሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ አይመጣም?» አለ ዓብዲሳ ተናዶ።

ጉዴ መጀመሪያ የጠየቀችው ለማየት ነው። ሳታይማ እንዴት ትመለስ! ዓብዲሳ በአፈር የተሸፈነውን የጉድጓዱን መክደኛ ሳንቃ አነሳላትና በመሰላል ወረደች። ጣሪያው በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል። ግራና ቀኙ አፈሩ ራሱ እንደ መደብ ተጠርቦ ሳር ተነጥፎበታል። በአንድ ጥግ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ በበሰበሰ የእንሰት ግንድ ውስጥ ስለተደበቀ አየር ይገባል እንጂ አይታይም። መደቡን በእጇ ዳሰሰችው፤ ዓብዲሳ ከላይ እንዲራመድላት ጠየቀችና ኮቴው ይሰማ እንደሆነ አዳመጠች። ይሰማል።

ወጥታ ሐሳቧን ነገረቻቸው። ከራሷ እንሰት ሁለቱን ጥላ ትፍቃለች፤ በሳንቃው ላይ በቅጠል ጠቅልላ እውነተኛ ቆጮ ትቀብርበታለች። ሽታው ይጠብቀዋል፤ እሷም ቆጮዬን ልይ እያለች ብትመላለስ ማንም ለምን አይላትም። ለዚህ የምትፈልገው ለሄቨን ቦታ ነው።

ዓብዲሳ መሬት መሬት እያየ ጉድጓዱ ለእሱ፣ ለሚስቱና ለሦስት ልጆቹ ብቻ ተለክቶ እንደተቆፈረ ነገራት። ጠባብ ነው፤ አየሩም አይበቃም።

«ለልጅቷ ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ እኔ አልገባም» አለችው። «እናንተ ከገባችሁ በኋላ ቆጮውን ከላይ የሚመልሰው ማን ሊሆን ነው?»

ዓብዲሳ ያን ሁሉ ወር ሲቆፍር ይህ አልታየውም ነበር። ጋዲሴ ባሏን አልጠበቀችም፤ ሄቨን ከእሷ ጎን እንደምትቀመጥ ነገረቻት፤ በዚሁ አለቀ።

ቆጮው ተቀበረ። ሳምንት ሳይሞላው ግቢው መሽተት ጀመረ።

የተፈራው ቀን የመጣው አንድ ከሰዓት ነው። ከመንገዱ በታች ተኩስ ሲሰማ ልጆቹ ወረዱ፤ ጋዲሴ ተከተለች፤ ዓብዲሳ ጉዴን አየት አድርጎ መጨረሻ ገባ። ሳንቃውን ዘጋች፤ ቆጮውን መለሰች፤ ቅጠሉን አለበሰችና አጠገቡ ተቀምጣ እንሰት መፋቅ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያ የያዙ ሦስት ሰዎች አጥሩን ጥሰው ገቡ። የማን እንደሆኑ አልጠየቀችም፤ እነሱም አልነገሯት። የቤቱ ሰዎች የት እንዳሉ ጠየቋት፤ ገበያ ናቸው አለች። ሁለቱ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ራቁ። ሦስተኛው፣ ፂሙ ገና ያልሞላው፣ ጭራሽ ቀረብ ብሎ ቁጢጥ አለ። የቆጮ አገር ልጅ ነው።

ቅጠሉን ገልጦ አሸተተ። «እማማ፣ ይሄማ ገና ነው። ምነው ቸኮልሽ?»

«ጥርስ የሌለው ሰው ለጋውን ይወዳል» አለችው።

ሳቀ። ትንሽ እንድትቋጥርለት ለመናት። ከላይ ከላይ ስትዘግንለት፣ ከሥር ያለው ይሻላል፣ የበሰለው ታች ነው አለና እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ሰደደ። ከቆጮው ገጽ እስከ ሳንቃው ክንድ እንኳ አይሞላም።

ጉዴ የእጁን አንጓ ያዘች። ጠመንጃው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ እንደ ልጇ አፍጥጣ አየችው።

«ወንድ ልጅ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እጁን አይከትም። እናትህ አላስተማረችህም?»

ወደ በሩ የሄዱት ሁለቱ ዞረው አዩ። ልጁ ቀላ። እጁን ቀስ ብሎ አወጣ፤ በሱሪው ጠረገው፤ ይቅርታ መሰል ነገር አጉተመተመ። የቋጠረችለትን ተቀብሎ ጓደኞቹን ተከተለ፤ እነሱም እየቀለዱበት ወጡ።

ጉዴ ወዲያው አልተነሳችም። ድምፃቸው ከዳገቱ ማዶ እስኪጠፋ፣ ውሻው መጮኹን ትቶ እስኪተኛ ድረስ ፋቀች። ከዚያ ቅጠሉን ገለጠች፤ ሳንቃውን ሳበች። መጀመሪያ የወጣችው ሄቨን ናት፤ ጸጉሯ አፈር ብቻ ሆኗል። አያቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ በጆሮዋ አንሾካሾከችላት።

«አኮ፣ ልጁን ስትቆጪው ሰማንሽ። ኦቦ ዓብዲሳ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።»

«እየሳቀ ነው እያለቀሰ?»

«እንጃ፣ ጨለማ ነው።»

ጉዴ ልጅቷን እንዳቀፈች የዓብዲሳ ራስ ከጉድጓዱ እስኪወጣ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ፊቱን ማየት ፈልጋ ነበር።