በሁለት ቀዳዳ መሀል የቀረችው ወለል

የብረት አሳሪዎቹን አለቃ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ለምን» ይላቸዋል። ሳይጠይቁ አንዲት ሽቦ አያስሩም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

የምንሠራው ከመሬት በታች ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። የመካከለኛውን ወለል ስሌት የሠራሁት መሐንዲሷ እኔ ነኝ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃው አንድ ሰፊ ቀዳዳ ትቼ ነበር፤ በኋላ የአየር ማስገቢያ ባለሙያዎቹ ሌላ ሲጠይቁኝ አጠገቡ ጨመርኩላቸው። ለየብቻ አሰላኋቸው፤ ሁለቱም ልክ መጡ።

አርማታው በሚሞላበት ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ አንዴ ውረጅ» አሉኝ ጋሽ ለምን።

«ጋሼ፣ ሥራ ይዣለሁ። ስሌቱ አልቋል እኮ።»

«ማለቁንስ ይለቅ፤ እኔ ግን አልገባኝም።»

እየተነጫነጭኩ ወረድኩ። የታሰረው ፌሮ ላይ ቆመው፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል የቀረችውን ክንድ የማትሞላ ቁራጭ አሳዩኝ።

«አፈሩ ግድግዳዎቹን ከግራም ከቀኝም ይገፋል። አሁን የያዟቸው እነዚህ ጊዜያዊ የብረት ድጋፎች ናቸው። እነሱ ሲነሱ ግፊቱን የሚችለው ይኼ ወለል ነው። ታዲያ ሁሉንም በዚች ሚስኪን ላይ የጫንሽባት ምን አጥፍታ ነው?»

ልስቅ ብዬ ጎንበስ አልኩና ቁራጯን በክንዴ ለካኋት። ሁለቱን ቀዳዳዎች አንድ ላይ አላየኋቸውም ነበር።

የአርማታ መኪኖቹ መንገድ ጀምረው ነበር፤ አስመለስኳቸው። አለቃዬ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ «ማን አየው?» ብቻ አለኝ። አራት ቀን ሙሉ ስሌቱን ከሥር ጀምሬ ሠራሁት። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ራቅ ተደረገ፣ የሁለቱም ዙሪያ በወፍራም ጠርዝ ተጠናከረ፣ ስንጥቅ በሚጀምርበት በየማዕዘኑም ሰያፍ ፌሮ ታሰረ።

አርማታው በደህና ተሞላ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ስህተቱ የእኔ፣ ያዳነን ደግሞ የእሳቸው ጥያቄ መሆኑን ተናገርኩ። ኋላ ለብቻቸው «ምን ላድርግልዎ?» አልኳቸው።

«ለባለቤቴ ደውለሽ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ጉራ ነው የምትለኝ።»

እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ደወልኩ። ሴትየዋ እስክጨርስ አዳመጡኝና «እዚያ ታች ስንት ሰው ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ስልሳ እንሆናለን፣ እትዬ።»

«ተመስገን!» አሉ። «በይ ሁላችሁም በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ።»

መልስ ልሰጣቸው ስል እንባዬ ቀደመኝ። ጋሽ ለምን ስልኩን ከእጄ ወሰዱና፣ ጥርሳቸው አልከደን ብሎ፣ «ሰማሻት አይደል?» አሏቸው ባለቤታቸውን።