ከኋላ አርፏል

ወንዳፍራሽ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን መኪና ወደደ። ዕድሜው ያለቀ አምቡላንስ ገዝቶ ጅማ ግቢው ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ቀጠቀጠው። ቃሬዛው በነበረበት አልጋ፣ መድኃኒቱ በነበረበት የቡታጋዝ ምድጃ ገባ። ነጭ ቀለም ቢደርብበትም ያ ቀይ መስመር እምቢ ብሎ ከሥር ብቅ ይላል። እሱ ግን ቤት ነው ይላል፤ ጎማ ያለው ቤት። ሚስቱ አያንቱ «ሰው ከነቤቱ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል እንዴ?» እያለች ታሾፍበታለች፤ መንዳቱን ግን ከሱ ይልቅ እሷ ወዳዋለች።

ዘመድ ጥየቃውስ ሰበብ ነው። ሰበታ አክስቱ እትዬ አትክልት ጋ፣ ቡራዩ የአያንቱ አጎት ኦቦ ዲሪባ ጋ ይበሉ እንጂ፣ የወንዳፍራሽ ልብ ያለው ሱሉልታ፣ ታላቅ ወንድሙ ፍቅረሥላሴ ዘንድ ነው። ስድስት ዓመት ተኮራርፈዋል። አባታቸው ሲሞት ወንዳፍራሽ የጭነት መኪና ይዞ ሞያሌ ነበር፤ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ፍቅረሥላሴ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባቱን ያልቀበረ ወንድም የለኝም» አለው። ወንዳፍራሽ አሁን አምሳ ስምንት ሞልቶታል። ሳይታረቁ መሞትን ይፈራል፤ ሽማግሌ ልኮ ማፈርንም ይፈራል። ቤቴን ይዤ ደጁ ላይ ብቆም የት ያባርረኛል ብሎ ነው የተነሳው።

ቱሉ ቦሎን ሲያልፉ ወገቡን ያዘውና ከኋላ ጋደም አለ፤ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ሰበታ ገብተዋል።

«እትዬ አትክልት ደውለው ነበር» አለችው አያንቱ መሪውን እንደያዘች። «ወንዳፍራሽስ ሲሉኝ፣ በጣም ደክሞት ነበር፣ አሁን ከኋላ አርፏል አልኳቸው። ወዴት ናችሁ አሉ፤ ሱሉልታ ወንድሙ ቤት እየወሰድኩት ነው፣ መጀመሪያ ግን እርስዎ ጋ... ልል ስል ስልኩ ጠፋ።»

ስልኩ የጠፋው ወንዳፍራሽ ራሱ የገጠመው ቻርጀር ስለማይሠራ ነው። የእሱ ስልክ ደግሞ ጅማ ተረስቷል። የአያንቱ አማርኛ ከኦሮምኛዋ እየተቀዳ እንደሚመጣ ቢያውቅም፣ ሃያ ዓመት የለመደ ጆሮውን ምንም አልቆረቆረውም።

የእትዬ አትክልት በር ተቆልፏል። ጎረቤታቸው ቲቲ ቀዩን መስመር አይታ አማተበች።

«ሱሉልታ ለቅሶ ሄደዋል» አለች። «የወንድማቸው ልጅ አርፎ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እየሮጡ ነው የወጡት።»

እትዬ አትክልት የነበራቸው ወንድም አንድ ብቻ፣ የወንዳፍራሽ አባት ነው። የአባቱም ልጆች ሁለት ናቸው። አንደኛው ይኸው ሰበታ ቆሟል። እንግዲህ የቀረው ፍቅረሥላሴ ነው።

የመኪናውን ጎን ተደገፈ። ልደውል እንዳይል የማንም ቁጥር በቃሉ የለም። አያንቱ ደግፋ አልጋው ላይ አስተኛችው። ስድስት ዓመት እግሩ ያልሄደበትን ቤት በባዶ እጁና በባዶ አፉ ሊገባ ነው። ቢያንስ ኦቦ ዲሪባ ከፊት ይቅደሙልኝ አለ፤ ወደ ቡራዩ ነዱ።

ቡራዩ በር የከፈተችው የኦቦ ዲሪባ ምራት አቤኒ ናት። በአንድ እጇ አያንቱን አቅፋ «ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ» እያለች አለቀሰች። ኦቦ ዲሪባ ቀድመው ሱሉልታ ሄደዋል። በዚህ መሃል ወንዳፍራሽ የኋላውን በር ከፍቶ ወረደ። አቤኒ አየችው፤ የያዘችው ሳፋ ከእጇ ወደቀ፣ ግቢው ውስጥ ገብታ በሩን ቀረቀረችው። ቢያንኳኩ ከውስጥ የሚሰማው ጸሎቷ ብቻ ነው።

«ምን አደረግኳት?» አለ ወንዳፍራሽ።

«እኔስ ምን አውቃለሁ?» አለች አያንቱ። እውነቷን ነው፣ አታውቅም።

እሱ ግን የገባው መሰለው። ወንድሙ ሳይታረቀው የሞተበት ሰው ፊት ማን ሊያይ ይወዳል? ናቁኝ አለ፤ ደግሞም ይገባኛል። ከዚያ እስከ ሱሉልታ አልጋው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቀኝም?» ይላል ለትራሱ።

መኪናው ቀስ ሲል የሰው ጫጫታ ሰማ፤ በመስኮቱ ድንኳን አየ። ቀጥሎ እንደ አውሎ ነፋስ ለቅሶው መጣ፤ መኪናውን የሚደበድብ እጅ፣ «ወንዴ፣ ወንድሜ» የሚል የወንድ ድምፅ። ስሜን ምን አመጣው ብሎ ሳይጨርስ የኋላው በር ተከፈተ።

ሬሳ ሊቀበል እጁን የዘረጋው ፍቅረሥላሴ ነበር።

ሁለቱም ዓይናቸው አብጧል። ከኋላ እትዬ አትክልት፣ «ሚስቱ ራሷ አርፏል ብላኝ» ይላሉ። አያንቱ ከጋቢናው ወርዳ «ቦቆቻ ጂራ ማለቴ ነው እኮ፣ ጋደም ብሏል» ትላለች። ኦቦ ዲሪባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

«አልሞትክም?» አለ ፍቅረሥላሴ።

«እኔማ ወገቤን አሞኝ... ጋሼ፣ የሞትከው አንተ መስለኸኝ ነው የመጣሁት።»

ፍቅረሥላሴ ወንድሙን፣ አልጋውን፣ ምድጃውን ተራ በተራ አየ።

«ለአባታችን ለቅሶ ዘገየህ» አለ በመጨረሻ። «ለራስህ ግን በሰዓቱ ደረስክ።»

ከዚያ ወደ መኪናው ወጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ከወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ፣ በሩንም ከውስጥ ሳበው። ውጭ የቀረው ለቀስተኛ ያልቅስ ወይስ ወደ ቤቱ ይግባ የሚነግረው አጥቶ እንደ ቆመ ቀረ።