የእትዬ ፈንቴ ቋጠሮ

ፈንታሁን ሴት መሆን የጀመረው ሰርግ ቤት ነው። በወግዲ ገጠር ሰርግ ተደግሶ እሱ ካልተጠራ ድግሱ ጨው አነሰው ይባል ነበር። ሻሽ ጠምጥሞ፣ ደረቱን በጥጥ ሞልቶ፣ ዓይኑን ተኩሎ ብቅ ሲል ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይይዛሉ። የሙሽራዋን እናት ሆኖ ያለቅሳል፤ ዞር ብሎ የሙሽራውን እናት ሆኖ ያሽሟጥጣል። የገዛ እናቱ በለጡ ግን አትስቅም። «ወንድ ወልጄ ሴት አሳደግሁ» ትልና ከድግሱ ያመጣላትን ሥጋ ትቀበለዋለች።

በስልሳ አምስት ድርቁ መጣና ሰርግ ቀረ። ከብቱ አለቀ፣ ጎተራው ተጠረገ። እናትና ልጅ እህል ይታደላል ሲባል ሰምተው ወደ መካነ ሰላም ተነሡ። በለጡ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አንድ ጭብጥ የባቄላ ዘር ቋጥራ ነበር። መንገድ ላይ ፈንታሁን ለመናት።

«እማ፣ እንቆርጥመው።»

ቋጠሮውን በጡጫዋ ጨበጠችና ፊቷን አዞረች። «ክረምት ሲገባ ምን ልትዘራ ነው ታዲያ?»

ከተማው ሳይደርሱ ሞተች። መንገደኞች በጆንያ ጠቅልለው ቀበሯት። ቀሚሷንና ነጠላዋን ለሱ ሰጡት፤ ብርድ ነበርና ከሬሳ ሕያው ይልበሰው ብለው። ፈንታሁን ቋጠሮውን አልፈታውም። እየራበውም እንደታሰረ ይዞት መካነ ሰላም ገባ።

ቀጥሎ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ አውራጃው የኪነት ቡድን አቋቋመ። ስለ ረሃቡ ትያትር ተጻፈ፤ እናትየዋን የምትጫወት ሴት ግን ጠፋች። መድረክ ላይ የወጣች ልጅ ስሟ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ፈንታሁን ተጠራ። የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ነጠላዋን አደግድጎ ወጣ። ሰው ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጅየው «እማ፣ ራበኝ» ሲል ፈንታሁን ቋጠሮውን ጨበጠና ፊቱን አዞረ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ከዚያ በኋላም እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ሁሌም ፀጥ ይላል።

ለፈንታሁን ይህ ጥበብ አልነበረም። የሚጫወተው እናቱ ከዚያ ሌላ የምትገኝበት ቦታ ስለሌለ ነበር።

ገበያ ሲወጣ ግን ያው ቀልደኛው ነው።

«እትዬ ፈንቴ! ዛሬም ባል አላገኘሽም?» ይሉታል በርበሬ ሻጮቹ።

«ያንቺውን ካልለቀቅሽልኝ ከየት ላምጣ!» ይላል በቀጭን ድምፅ፤ ገበያው በሳቅ ይፈርሳል።

በሰባ አንድ ጓድ መለሰ የሚባል ካድሬ ቡድኑን ተረከበ። ወጣት ነው፤ ሲናገር ቆሞ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ፈንታሁንን አስነሣው።

«ጓድ ፈንታሁን፣ አብዮቱ መድረኩን ለሴቷ ሰጥቷታል። ጢምህን ተላጭተህ የሷን ቦታ መያዝህ ፊውዳላዊ ነው።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ…»

«ጌታ የለም!»

«እሺ ጓዴ። ሴት ስትጠፋ እናንተው ናችሁ የጠራችሁኝ።»

«አሁን ተገኝታለች። አንተ የአልባሳት ኃላፊ ነህ። ቀሚሱንና ነጠላውን ታስረክባታለህ።»

ፈንታሁን ለማንም ነግሮ የማያውቀውን ተናገረ። «የእናቴ ነው። በረሃቡ የሞተችው እናቴ።»

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ከእሱ አፍ የወጣ ሁሉ ቀልድ ይመስላቸዋል። መለሰ አልሳቀም። «የወሎ ሕዝብ ሁሉ እናቱ ሞታበታለች። እንግዲያው ልብሱም የሁላችን ነው።»

ፈንታሁን ተቀመጠ።

የተገኘችው የቁርኣን አስተማሪው የሼህ ሱሌማን ልጅ ነሲባ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ኪነት መግባቷን የሰሙ ዕለት አባቷ ሰላምታዋን መቀበል ትተዋል፤ ስለዚህ እሷም በነፃ አልመጣችም። ፈንታሁን ሊጠላት ሞክሮ አልሆነለትም። አካሄዱን፣ አቀማመጡን አስተማራት።

«ለቅሶ አታብዢ። የራበው ሰው እንባ የለውም።»

«እሺ ጋሼ።»

«ይቺን ቋጠሮ ጨብጠሽ ዞር ትያለሽ። አትፍቻት ብቻ።»

«ምን አለባት?»

«አትፍቻት።»

«ወላሂ አልፈታም፣ ጋሼ።»

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ትያትሩ ታየ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ፈንታሁን ከመጋረጃው ኋላ፣ ሻሾቹ መሐል ቆሟል። ነሲባ ስትወጣ ከጀርባ ሲያያት እናቱ የምትሄድ መሰለው። ትከሻዋ እንኳ ሳይቀር የበለጡ ነው።

የዚያን ቀን ልጅ ሆና የወጣችው ንግሥቴ የምትባል ሕፃን ናት፤ ሕዝቡ አስፈራትና የእውነት አለቀሰች። «እማ፣ ራበኝ።»

ነሲባ ቋጠሮውን ጨበጠች፤ ፊቷን አዞረች። ሕፃኗ ነጠላውን ይዛ ጎተተቻት። «እማ!»

ነሲባ ተመለሰች። ፈንታሁን ከመጋረጃው ኋላ እጁን አወናጨፈ፤ አላየችውም። ቋጠሮው ስንት ዓመት ደርቋልና በጣቷ እምቢ አላት፤ በጥርሷ ፈታችው። ነቀዝ የበላው ባቄላ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ግማሹ ዱቄት ሆኗል። ሕፃኗ አንዱን አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተችና ተፋችው።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን መቱ። «ዘር ነበር! ዘሯን ነው እኮ!»

አዳራሹ አለቀሰ። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተለ፣ እልልታው ጣራውን ነካ። ለፈንታሁን እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም።

መጋረጃው ሲዘጋ ዱቄቱን ሊሰበስብ ተንበረከከ። ተዋንያኑ ረግጠውት ከአቧራው ጋር ተቀላቅሏል። መለሰ እየሮጠ መጣ።

«ግሩም ነው! ይህ በየትርኢቱ ይደገም። ጓድ ፈንታሁን፣ አጅባር ከተማ ለምናሳየው ትርኢት አዲስ ባቄላ ቋጥርበት።»

ነሲባ አጠገቡ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ልጅቷ ስታለቅስ አላስቻለኝም። ምን ነበር?»

«ባቄላ» አላት።

ወደ አጅባር በሚሄዱበት ጠዋት ከገበያ የተገዛ ባቄላ ቀረበለት። ነጠላውን ጭኑ ላይ ዘረጋ። የበለጡን ሳል፣ የበለጡን አነጋገር፣ የበለጡን ቁጣ ያውቃል። ቋጠሮዋን ግን አስሮ አያውቅም፤ የታሰረ ነው ያገኘው። ጠመዘዘ፣ ሸበበ፣ ጎተተ። ባቄላው በአንድ በኩል ሾለከ።

ከውጭ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ጮኸ። «እትዬ ፈንቴ! ተኳኩለሽ አልጨረስሽም?»

እንደገና አሰረ። እንደገና ሾለከ።

«አብሽሩ ጋሼ» አለችው ነሲባ፤ ነጠላውን ከእጁ ወስዳ በአንድ ጊዜ ቋጠረችው።