የአምባዬ ይቅርታ

«አንተ ሰውዬ፣ እንባ በዱቤ ነው እንዴ የምትገዛው?» አለ ኩመራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ኩመራ የሟቹ ጎረቤት ነው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ከድንኳኑ አልወጣም። «የእናትህን ልጅ ቀብረህ እንደ ሩቅ እንግዳ በር ላይ ትቀመጣለህ?»

ፈንታሁን ፊቱን ወደ ደጁ አዞረ። የመቱ ከተማ ዝናብ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል። ይፍረዱ፣ የፈለጉትን ይበሉ። ከሁሩሙ ተሳፍሮ የመጣው ለሰው ዓይን ሲል ነው እንጂ፣ አምባዬ ለእሱ የሞተው ድሮ ነው።

«መምህር አምባዬ እኮ ክፉ ቃል አይወጣውም ነበር» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ።

ፈንታሁን የዘገነውን ንፍሮ መልሶ ሳህኑ ላይ ጣለው። ክፉ ቃል አይወጣውም!

ከዓመታት በፊት የፈንታሁንን ልጅ የትንቢትን እጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት፣ ለቤተሰቡ የሚናገረው እንደ ደንቡ ታላቅየው ነበርና አምባዬን በኮንትራት መኪና አስመጣው። መምህር ነዋ! አንደበቱ የተገራ፣ እንግዳ ሳይጎርስ የማይጎርስ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ አምባዬ ከት ብሎ ሳቀ። ለነሱ የተሠራውን ወጥ ከድስቱ በእጁ እያወጣ ይጎርስ ጀመር።

«ከዚህ ደደብ ጋር ነው የምትዛመዱት? ስድስተኛ ክፍል ሦስት ጊዜ የወደቀ እኮ ነው! እኔ ነኝ ያስጠናሁት፤ ድንጋይ!» አለ አፉ ሙሉ እንደሆነ። በኦሮምኛም ደገመው፣ ያልሰማ እንዳይቀር።

ሽማግሌዎቹ «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ወጡ። አልተመለሱም። ትንቢት ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ፈንታሁን ግን ደንቡን አልሳተም። የበደለ «አጥፍቻለሁ» ካለ ይታረቃል፤ ስለዚህ ሽማግሌ ላከ። አምባዬ የተላኩትን አገላብጦ ስሞ፣ «ምን አጠፋሁ? እኔ መቼ ሰው አስቀይሜ አውቃለሁ?» ብሎ መለሳቸው። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም አሉ። በኋላም አምባዬ ቀብር ላይ ሳቀ፣ ከሱቅ ሳይከፍል ዳቦ አንስቶ ሄደ፣ አሞታል ሲሉት ፈንታሁን ተቆጣ። «ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ያስታውስ የለ? የምን በሽታ! ንቀት ነው!» የአምባዬን ደጃፍ ከዚያ ወዲያ አልረገጠም።

የአምባዬ ሚስት ሀረገወይን ለቀስተኞችን ልትሸኝ ብቅ ስትል ተከትሏት ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያችን ቀን አንስቶ ያውቃል? አጥፍቻለሁ ብሎ ያውቃል?»

«የጅማው ሐኪም አንጎሉ ከፊት በኩል እየሟሸሸ ነው አለኝ። ሰው የራሱን ጥፋት የሚያይበት ቦታ ነው አሉ። እኔም አላመንኩም ነበር። ታመሃል እኮ ስለው ይስቅብኛል። ጤነኛ ነኝ ብሎ ነው የሞተው፣ ፈንታሁን።»

«ስለ እኔስ?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ምን ያደርግልሃል፣ ይቅርብህ።»

«ይንገሩኝ እንጂ!»

«በየእሑዱ ነበር የሚጠይቀኝ። ‹ፈንታሁን ምን ነካው? ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፀባዩ ተለዋውጧል፤ ታሞ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪም ቤት ውሰዱት› ይለኝ ነበር።»

ፈንታሁን ሳቅ ቃጣው። ከዚያ መሳደብ ፈለገ፤ ማንን እንደሚሰድብ ግን ጠፋው። ሁሩሙ ቁጭ ብሎ አንዲት ቃል ሲጠብቅ የኖረው እንዲህ ካለ ሰው ኖሯል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለሱ ጤና ከሚጨነቅ ሰው። ቂሙን ወዴት እንደሚወስደው ግራ ገባው። ሀረገወይን ትከሻውን ዳሰስ አድርጋው ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ከኡካ ከተማ የመጡ ለቀስተኞች ዝናቡን እያራገፉ ገቡ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ በቅርብ ላገኙት ለፈንታሁን እጃቸውን ዘረጉ።

«ማል ጎና፣ ልጄ፣ ምን እናደርጋለን። እግዜር ያጥናችሁ። የሟቹ ምኑ ነህ?»

«ወንድሙ ነኝ» አለ ፈንታሁን። «ታናሹ።»

ሽማግሌው ሊያልፉ እጃቸውን ሳብ አደረጉ። ፈንታሁን አልለቀቃቸውም። ከኋላ ያሉት ዝናቡ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ የማያውቃቸውን ሰው እጅ በሁለት እጁ እንደጨበጠ ቀረ።