አሪቲ የገባበት አረቄ

ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላዱ የተባለው የመጠጥ ቤቶች ተቆጣጣሪ ከባንኮኒው አንድ ጠርሙስ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። በብርሃኑ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆነ። ከሥሩ የአሪቲ ዘለላ ተጋድሟል። የቡና ቤቱ ባለቤት የሺጥላ የደረቀ ብርጭቆ በፎጣ እየወለወለ የሰውየውን አውራ ጣት ያያል። ጣቱ ያረፈው ስቲከሩ ላይ ነበር።

ስቲከሩ በፈረንጅ ፊደል «አብሳንት» ይላል። ውስጡ ያለው የየኔነሽ አረቄ ነው።

የኔነሽ ሚስቱ ናት። ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር ባለው ቡና ቤታቸው ምግቡን ታበስላለች፤ ከድልድዩ ማዶ፣ ጉምቦ በተከራዩት ግቢ ደግሞ አረቄ ታወጣለች። ሌላው ሰው ኮሶ ሲጨምር እሷ አሪቲ ትጨምራለች፤ በተቆረጠ ጄሪካን ተክላ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ እያጠጣች፣ የጁባን ፀሐይ አስለምዳዋለች። አረቄው መጀመሪያ ይመራል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ይህን ያለው የሺጥላ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ሰምቶታል።

«አብሳንት» የሚለውን ስም ያመጣው አንድ የስዊዘርላንድ የውኃ ጉድጓድ መሐንዲስ ነው። ቀምሶ ሳቀ። የአያቶቹ መጠጥ እንደሆነ፣ የሚሠራውም ከአሪቲ ዘመድ መሆኑን ነገራቸው። በአገሩ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ወይን ሲጠጣ ውሎ፣ ሁለት ብርጭቆ አብሳንት ጨምሮበት፣ ቤተሰቡን ገደለ። ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አብሳንትን ከለከለ፤ ወይኑን ማንም አልነካውም። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተፈቀደ። በመሐሉ ግን የገጠር ሰዎች በየጓዳቸው ሲያወጡት ኖሩ። የሺጥላ ይህን ታሪክ እንደ ዘመድ ወሬ ወደደው። የትኛው አገር መቼ እንደከለከለ፣ መቼ እንደፈቀደ ከስልኩ እያነበበ በቃሉ ያዘ።

መሐንዲሱ በመጣበት ዓመት፣ ቤት ውስጥ የሚወጣ መጠጥ ከከተማው ቡና ቤቶች ይጥፋ ተባለ። ሲያወጣ የተገኘ የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ ይላካል። ከውጭ የገባ መጠጥ ግን መሸጥ ይቻላል። የሺጥላ ቡሉክ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት ሄዶ ስቲከሩን አሳተመ።

«አረቄዬን ክርስትና ልታነሳው ነው?» አለችው የኔነሽ።

«ለአንቺም የፈረንጅ ስም ላወጣልሽ ነበር፤ አባ እንዳይቆጡ ብዬ ነው እንጂ።»

እየሳቀች የመጀመሪያውን ራሷ ለጠፈችው።

በአዘቦት ቀን ከአንድ ጠርሙስ በላይ ባንኮኒው ላይ አይወጣም ነበር። ነገ ግን ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ደግሞ የየሺጥላ። ማኅበርተኞቹ ጠላውን ጠጥተው ሲያበቁ በአረቄ ካልተሸኙ ተራው እንደወጣ አይቆጥሩትም። ስለዚህ የኔነሽ ጠዋት ከጉምቦ ሁለት ሣጥን ሙሉ ይዛ መጣች። ለማኅበርተኞቹ ስሙ ምን ያደርግላቸዋል ብትለው የሺጥላ አልሰማ ብሎ እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ለጠፈበት፤ እንደ ሠርግ ዕቃም ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ላዱ የገባው ያኔ ነው።

ላዱ ለቤቱ እንግዳ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ሽሮ ይበላል፤ የሺጥላን «አኩይ» ይለዋል፣ ወንድሜ እንደማለት። ብቻውን ቢመጣ ኖሮ አንዱን አሽትቶ፣ ሌሎቹን አንሷቸው ብሎ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን አዲስ የተመደበ አለቃው አብሮት አለ፤ በሩ አጠገብ ቆሞ አይናገርም።

ላዱ የመጠጡን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ ማንበብ ጀመረ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1912 ከልክላዋለች። ፈረንሳይ በ1915። መርዝ ነው ይላል፣ አለ እንግሊዝኛና የጁባ ዓረብኛ እያቀላቀለ።

የሺጥላ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ በራ።

«ወደ ታች ሂድ፤ ገና ነው» አለው።

ከጓዳው በር የኔነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። አልሰማትም።

ላዱ ወደ ታች ወረደ። ስዊዘርላንድ በ2005 ፈቅዳለች፤ አሜሪካ በ2007፣ ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር ከልኩ ካላለፈ፤ ፈረንሳይ የመጨረሻውን ክልከላ ያነሣችው በ2011 ነው። እንግሊዝማ ከልክላም አታውቅ። የሺጥላ ከላዱ ንባብ እየቀደመ ይናገር ነበር። ስለ ደቡብ ሱዳን ገጹ ምንም አይልም። ካላለ አልተከለከለም ማለት ነው፣ ሲል የሺጥላ ደመደመ።

አለቃው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። መጠጡ ካልተከለከለ መልካም፤ የጉምሩክ ወረቀቱን ያምጣ። ወረቀት ከሌለው ከውጭ አልገባም ማለት ነው።

«ታዲያ ማን አወጣው?»

የሺጥላ ክርክሩ ሁሉ ወደዚህች ጥያቄ ሲወስደው እንደነበር አሁን ገባው። መጠጡን ነጻ ባወጣ ቁጥር ሚስቱን ወደ ሰዎቹ ሲገፋት ቆይቷል። የኔነሽ ከጓዳው በር አልራቀችም። እጇ እስከ ክርኗ አሪቲ አሪቲ ይሸታል፤ የቀረባት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ልክ ነህ» አለ ወደ ላዱ ዞሮ። «የተከለከለው ነው። ከካምፓላ በሻንጣዬ ደብቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ላዱ ስልኩን ዘጋው። አሁን የተፈቀደ ነው ስትለኝ አልነበረም ወይ፣ አለው ቀስ ብሎ። የሺጥላ ዋሽቼህ ነው አለ። ፈረንሳይም አሜሪካም የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓመት ሙሉ ደንበኞቹ ፊት ሲያፈርሰው የኖረውን ክስ አሁን ራሱ ደገመው፤ ሰው ያሳብዳል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ቤተሰብ ያስፈጃል። ይህን ሲል ፊቱን ወደ ጓዳው አላዞረም።

አለቃው ወደ ጓዳው ሄደ። የኔነሽ ፊት ቆሞ አየሩን በአፍንጫው ሳበ። ከዚያ ላዱ እንዲጠይቃት አዘዘ።

«ማማ» አላት ላዱ፣ «ባልሽ የሚለው እውነት ነው?»

አፏን ስትከፍት የሺጥላ በአማርኛ ቀደማት። ድምፁ ስለ ነገው ዳቦ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«የኔዋ፣ እኔ ብሄድ ቤቱን ትይዥዋለሽ። አንቺ ብትሄጂ እኔ ሽሮ እንኳ መሥራት አልችልም። እሺ በያቸው።»

የኔነሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች።

«እውነት ነው» አለች። «እኔ ስለ ጠርሙሶቹ የማውቀው የለም።»

ላዱ መሬት መሬት አየ። አለቃው ሴትዮዋን ጥቂት ተመለከታትና ጠርሙሶቹ ይጫኑ፣ ሰውየውም ይምጣ አለ። የሺጥላ ኮቱን እንዲለብስ ፈቀዱለት። የኔነሽ የስኳር መድኃኒቱን ኪሱ ከተተችለት፤ ኮሌታውን ልታቃና የዘረጋችውን እጅ ግን መለሰችው።

«ጠላው እንዳይቀጥን» አላት። «በእኔ ተራ ስሜን እንዳታስጠፊ።»

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ መጡ። የኔነሽ ጠላውን ቀዳች፤ አረቄ የጠየቀ አልነበረም።

የሺጥላ በታኅሣሥ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ወደ ደቡብ ሱዳን እንዳይመለስም ታገደ። ግንቦት ላይ ስኳሩ ጸንቶበት እህቱ ቤት ዐረፈ። የኔነሽ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም፤ ቤቱን የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም።